እንጨት የመስበር ጥበብ

ነጋዴ ሁለት ነገር አይወድም፤ መታለሉንና መታለሉ መታወቁን። የትኛው ይብሳል ብትሉኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ። የመጀመሪያውን ለብቻችሁ ዋጥ አድርጋችሁ ታልፉታላችሁ፤ ሁለተኛው ግን ገበያ በቆመ ቁጥር አብሯችሁ ይቆማል፤ ገበያ ሲበተንም እቤት ድረስ ይሸኛችኋል።

እኔ በርበሬ ውስጥ የተደባለቀ ቀይ አፈር በአፍንጫዬ እለያለሁ። ላዩ ቅቤ ታቹ ሞራ የሆነ ቅል ቢቀርብልኝ ክዳኑ ሳይነሳ አውቀዋለሁ። የተሰነጠቀ አሞሌ ጨው በልጥ ተጠቅልሎ ቢመጣ በጥፍሬ መታ አድርጌ፣ «ይህስ ታሟል» ብዬ እመልሰዋለሁ። አንኮበር ላይ እኔን የሚያታልል ሰው አልተወለደም ብዬ በአደባባይ ተናግሬም አውቃለሁ። ለካስ ሰውየው ከኔ ቀድሞ ተወልዶ፣ ሸምግሎ፣ ጫካ ዳር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ኖሯል።

ወደ እሳቸው እመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ ሩጫዬ ልናገር፤ ነውሬ የሚጀምረው ከእግሬ ነውና።

ኑሬ የንግድ ባልንጀራዬ ነው፤ የአሊዩ አምባ ሰው። እኔ ከደጋው ቅቤና ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ልብስ አወርዳለሁ፤ እሱ ከቆላው ጨውና ጥጥ ያወጣል። አንዳችን የሌላችንን ዕቃ እያመሰገንን እንሸጣለን። የራስን ዕቃ ማመስገን ያሳፍራል፤ የጓደኛን ማመስገን ግን ምስክርነት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁለቱን ስንወርድ ጉም ወረደብን። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የበቅሎህን ጭራ ይዘህ በቅሎህን የምትፈልግበት ጉም ነው። ኑሬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ድንገት ከበላዬ ከጽዱ መሐል ዱላ የያዘ ሰውዬ ብቅ አለና፣ «ያዘው! እንዳያመልጥህ፣ ያዘው!» እያለ ወደኔ ተንደረደረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማንን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔ ግን «ያዘው» ሲባል የሚያዘው ሁልጊዜ እኔ የምሆን ይመስለኛል፤ ይህ ከገበያ የተረፈኝ አመል ነው። በቅሎዬን ለቀቅኳት፣ ኑሬን አለፍኩት፣ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ከጎኔ አንድ ነገር አብሮኝ ይሮጥ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ኮቴው ይሰማኛል። ሁለተኛው ሽፍታ ነው ብዬ ጨመርኩ። እሱም ጨመረ። እንዲህ ስንሽቀዳደም አሊዩ አምባ መግቢያ ላይ ጉሙ ገለጥ ቢል፣ አጠገቤ የቆመው አህያ ነው።

እኩል ነው የገባነው። እንዲያውም የሚያውቁ ሰዎች በአንገት ቀድሞሃል ይሉኛል።

ቆይቶ ባለ ዱላው ሰውዬ እያለከለከ ደረሰ። አህያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጄን ሊስም ምንም አልቀረው። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ያዘው ብል እንደው ለወጉ ነበር፤ እንዲህ ሮጦ የሚይዝልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። እኔም ምንም አይደል አልኩት። ምን ልበለው?

ኑሬ ሁለቱን በቅሎዎች እየነዳ መጣና ነገሩ ሲገባው መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ሳቀ። ዕቃ ስናራግፍ ሳቀ። እጁን ታጥቦ ማዕድ እስኪቀርብ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ፤ ያስፈራኝ መተዉ ነው።

«ወንድሜ» አለኝ፤ «የዛሬው ሰውዬ አህያ የጠፋው ነው። የነገው የሰው አህያ የሚፈልግ ቢሆንስ?»

እኔ እንጀራዬን መቁረስ ጀመርኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«ከጥምቀት በኋላ የነጋዴዎቹ ሲራራ ሩቅ ቆላ ይወርዳል። ዘንድሮ መንገዱ ደግ አይደለም ይላሉ። እኔ የምፈልገው ከኋላዬ የሚቆም ሰው ነው፤ ከፊቴ የሚሮጥ ሰው አይደለም። የአጎቴ ልጅ ሰኢድ ልምጣ ብሎኛል። ወላሂ፣ ካንተ ይልቅ እሱን መውሰድ አልወድም፤ ሰኢድ በሳምንት አንድ ቃል ነው የሚናገረው። ግን ይቆማል።»

የገባሁበትን ጣጣ እዚህ ላይ ተረዱልኝ። ኑሬ ከተወኝ እኔ ባና በሚሠራበት አገር ባና ይዤ የምቀር ሰው ነኝ፤ ለወንዝ ውሃ እንደ መሸጥ ነው። ደግሞም ንግዱ ብቻ አይደለም። ስንት ቁልቁለት አብረን የወረድን ሰዎች ነን። እሱ ሲሰግድ በቅሎዎቹን እይዛለሁ፣ እኔ ስጾም ጥሬ ይፈልግልኛል። የዚያን ሰው ጎን ለዝምተኛ ዘመድ መልቀቅ አንጀት ይበላል።

«እስከ ጥምቀት ጊዜ ስጠኝ» አልኩት፤ «ቆሜ ታየኛለህ።»

«ኢንሻአላህ» አለ። አባባሉ ዝናብ ለሚጠብቅ ሰው የሚባለው ዓይነት ነበር።

እንግዲህ ምክቶሽ የሚያስተምር ሰው ፍለጋ ገባሁ። ምክቶሽ በዱላና በጋሻ የመምታትና የመመከት ጨዋታ ነው፤ ወታደር ሥራ ሲፈታ የሚጫወተው፣ ሲከፋው የሚጣላበት። ብጠይቅ ብጠይቅ ሁሉም አንድ ሰው ጠቆመኝ፤ አባ ሰብስብ። የፈረስ ስማቸው ነው። ፈረሱ ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙ ግን እሳቸው ላይ ቀረ። ከአንኮበር ከፍ ብሎ ጫካው ሲጀምር ባለችው ጎጆ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራሉ።

ስሙ ራሱ እኮ ነግሮኝ ነበር። ጆሮ አልነበረኝም እንጂ።

አንድ ቅል ማርና አንድ ባና ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ጋሻ ተሰቅሏል፤ ከጋሻው ሥር እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እሳት ይሞቃሉ። እሳቱ ቀጭን ነበር። ያን ሁሉ ጋሻ ያየ ዓይኔ የእሳቱን ቅጥነት አላየም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ምክቶሽ ሊያስተምሩኝ ጌታዬ።»

እጅህን አምጣ አሉኝና መዳፌን ገልብጠው አዩት። «ይኼ ቅቤ ሲዳስስ የኖረ እጅ ነው። በዚህ ዱላ ልትመክት?»

«ይማራል ጌታዬ።»

«ምክቶሽ ኋላ ነው። መጀመሪያ መስበር ነው። ያልሰበረ ክንድ አይመክትም። እንጨት መስበር አስተምርሃለሁ፤ ትወዳለህ?»

«እወዳለሁ» አልኩ።

ወገኖቼ፣ እንጨት መስበር የሚለውን ቃል ከእናቴ ጓዳ ጀምሬ አውቀዋለሁ። እናቴ ማለዳ፣ «ተነስ፣ እንጨት ሰብረህ ና» ስትለኝ ጫካ ሄጄ ጭራሮ ለቅሜ፣ አስሬ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ እመጣ ነበር። እንጨት ሰባሪ ማለትም ይኸው ነው፤ በአገራችን የማያውቀው ሰው የለም። ያን ቀን ግን ቃሉ ከሽማግሌ ወታደር አፍ ሲወጣ፣ ከላዩም ጋሻ ተሰቅሎ ሳየው፣ ሌላ ቃል መሰለኝ። ቃል እንደ በቅሎ ነው፤ ኮርቻው ሲለወጥ ባለቤቱም ይስታታል።

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። ጫካ ውስጥ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ጫፍና ጫፉን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ «በመዳፍህ ጎን ምታ» አሉኝ። መታሁ። እንጨቱ ደህና ነው፤ እኔ ግን እናቴን ጠራሁ። እትዬ አስካለ ጥጥ እየፈተሉ ከበሩ ላይ ያዩኛል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ለኔ አዝነው መስሎኝ ነበር።

«እንጨቱን አትመልከት» አሉ አባ ሰብስብ። «እንጨቱን ያየ እንጨቱ ላይ ይቆማል። ከእንጨቱ ማዶ ያለውን ተመልከት፤ እጅህ እዚያ ድረስ ይሂድ።»

ይህን ስሰማ ጠጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ከማን አፍ ይሰማል? ከእንጨቱ ማዶ ያለውን አየሁ። ከእንጨቱ ማዶ የእትዬ አስካለ ምድጃ ነበር። ወደዚያው መታሁ፤ እንጨቱ ቀጭ አለ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ያልሞከረው ሰው አያውቀውም። አንድ ነገር አልሰበርም ብሎ ፊትህ ተጋድሞ፣ አንተም አልችልም ብለህ፣ ከዚያ ድምፁ ሲወጣ የሚሰበረው እንጨቱ ብቻ አይደለም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሲሮጥ የነበረው ሰውዬ አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሌላ አልኩ። ሌላ ተሰጠኝ። ሌላው እንደሆነ ሞልቷል።

ከጭራሮ ወደ ጣት ውፍረት፣ ከጣት ወደ ክንድ ውፍረት አደግሁ። በመዳፍ ያልሆነውን በጉልበት፣ በጉልበት ያልሆነውን በተረከዝ። አባ ሰብስብ ጥብቅ መምህር ናቸው። የምሰብረው ሁሉ በአንድ ክንድ ልክ እንዲሆን ያዛሉ፤ ካለፈ ያስመልሱኛል፣ ካጠረ ይቆጣሉ።

«ጌታዬ፣ ልኩ ለምን ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«ያለ ልክ የሚመታ ባለጌ ነው» አሉኝ። «ደግሞ ከዚህ ከረዘመ አይገባም።»

«የት አይገባም?»

«ልብ ውስጥ» አሉ ትንሽ አስበው።

ራሴን ነቀነቅሁ። ልብ ውስጥ የማይገባ ነገር ስንቱን አይቻለሁ።

እርጥብ እንዳልነካም አጥብቀው ነገሩኝ። «እርጥብ ተወው፤ ጭስ ነው።»

«ጭስ?»

«ቁጣ ማለቴ ነው። እርጥብ እንጨት ቁጣ ያመጣል፤ አይሰበርም፣ ይለመጣል፣ ተመልሶ ይገርፍሃል።»

የሰበርኩትን ደግሞ ዝም ብዬ አልተወውም። በልጥ ገመድ አስሬ በጀርባዬ ተሸክሜ ጎጆው ጀርባ እከምረዋለሁ። «ድል የተነሳ ጠላት ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ይማረካል፣ ይታሰራል፣ ይገባል» ይላሉ። ምርኮዬ ከጎጆው ጣሪያ እኩል ደረሰ። ቀና ብዬ ሳየው ኩራት ደረቴን ነፋው። ቀን እያለፈ ግን ክምሩ የመቀነስ ጠባይ ነበረው፤ ስጠይቅ እትዬ አስካለ፣ «ጠላት አይደል? እየሸሸ ነው» አሉኝ። እሳቱም ከመጣሁ ወዲህ ወፍሮ ነበር። ታኅሣሥ መሆኑ ነው፤ የታኅሣሥ ብርድ ከላይኛው ደጋ ከጣርማ በር ተነስቶ ጢስ ካላየበት ቤት ሁሉ ይገባል። የአባ ሰብስብ ቤት ግን እንደ ቆላ ይሞቅ ነበር። የመምህር ቤት ሞገስ አለው እል ነበር በልቤ።

ይባስ ብዬ ትምህርቱን ወደ ማደሪያዬ ይዤው እገባ ጀመር። አንኮበር ላይ የምታሳድረኝ ባልቴት አለች። መጀመሪያ የበሯን መወርወሪያ ሰበርኩ። ቀጥሎ በርጩማዋን፤ ይህን እንኳ ተቀምጬበት ነው ብዬ አመካኘሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመ እንጨት አየሁና ውፍረቱ አማረኝ፤ ከማዶው ያለውን ተመልክቼ በተረከዜ አልኩት። የጎረቤታችን እርፍ ነበር። ሰውዬው በሬዎቹን ጠምዶ መጥቶ እርፉ ሁለት ሆኖ ሲያገኘው፣ «ሰይጣን ነው ወይስ ሰው?» ብሎ ጠየቀ። ባልቴቲቱ አፍራ፣ «ትምህርት ላይ ነው» አለችው። ሌላ እርፍ ጠርቤ እስክመልስ ድረስ ሚስቱ ባየችኝ ቁጥር ልጆቿን ወደ ቤት ታስገባ ነበር።

እጄም አበጠ። በርበሬ በእፍኝ ስሸጥ ደንበኞቼ ያበጠውን እጅ አይተው ከሩቅ ይጎርፉ ጀመር፤ እፍኙ ትልቅ ነዋ። ስገዛ ደግሞ በዚያው እጅ ስሰፍር፣ «የለም፣ በሴቶች እፍኝ ስፈር» ይሉኛል። በአንድ እጅ በሁለት በኩል ከሰርኩ። ግድ የለም አልኩ። ለኑሬ እቆማለሁ።

ጥምቀት ሲቃረብ አባ ሰብስብን ደፈር ብዬ፣ «ምክቶሹስ ጌታዬ?» አልኳቸው።

«ይደርሳል።»

«መቼ?»

«እንጨቱ ሲያልቅ።»

ቀና ብዬ ጫካውን አየሁ። ጽዱና ወይራው ገደሉን ይዞ እስከ ሰማይ ይወጣል። ትልቅ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጥምቀት አለፈ። በቅዳሜው ገበያ ኑሬ ሰኢድን አስከትሎ ወደ አንኮበር ወጣ። ሰኢድ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዱላውን እንደ እናቱ ልጅ አቅፎ የሚቆም ሰው ነው። ሰላም ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ የሳምንቱን ቃል ለቁም ነገር አስቀምጧታል።

«እህ፣ ወንድሜ» አለኝ ኑሬ እጄን አይቶ፤ «ንብ ነው?»

«መስበር ነው» አልኩት። «ና ላሳይህ።»

እንጨት ስፈልግ ዓይኔ እንጨት ሻጮች ከተደረደሩበት ላይ አረፈ። አንዱ ሸክም ከሌሎቹ ሁሉ ያምር ነበር፤ እኩል እኩል ተሰብሯል፣ ደረቅ ነው፣ አስተሳሰሩም ልቅም ያለ። ይኼን ቋጠሮ የት ነው የማውቀው የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ ቶሎ ሄደ። ከጎኑ ገና ያልተሰበረ ወፍራም ወይራ ተጋድሞ ነበር። አነሳሁት፣ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደምኩት፣ ክንዴን ገለጥኩ። ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ። ከእንጨቱ ማዶ ያለውን ተመለከትኩ፤ ከእንጨቱ ማዶ ኑሬ ነበር። መታሁ።

ወይራው ሁለት ሆነ። ድምፁ ጨው ተራ ድረስ ተሰማ። አንዱ «ጉድ!» አለ። ኑሬ አፉን ያዘ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ረጅም ሰው ሆኜ አላውቅም።

ያኔ ከሸክሙ ጀርባ አንዲት ሴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። እትዬ አስካለ።

«ይኸው መጣላችሁ» አሉ ለዙሪያው ሁሉ። «ስብሩ የማን ነው፣ እንዲህ አድርጎ የሚለካው ማን ነው እያላችሁ ስታደርቁኝ አልነበር? ይኸው እንጨት ሰባሪያችን።»

እንጨት ሰባሪያችን። ቃሉ ኮርቻውን አራግፎ ባዶ ጀርባውን ፊቴ ቆመ። ያው የእናቴ ቃል፣ የእናቴ በቅሎ ነበር።

አንዲት ደልደል ያለች ሴት ሰው እየገፋች መጣች። «አንተ ነህ እንዴ? ልጄን ልድር ነው፤ ለድግሱ ካንተ ሌላ አላስነካም። ደረቅ ወይራ፣ በዚሁ ልክ። እስከ እሑድ ታደርስልኛለህ?»

«እኔ እኮ ነጋዴ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«እንጨትስ ንግድ አይደል?»

ኑሬ ቀስ ብሎ ሸክሙን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ እጄን አየ። «ወንድሜ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?»

«ምክቶሽ ስማር።»

«ማን ዘንድ?»

«አባ ሰብስብ ዘንድ።»

ስሙን ደጋገመው። «አንተ ሰበርክ» አለ በመጨረሻ፤ «እሱ ሰበሰበ።»

ገበያው ፈረሰ። ሰው እየተደጋገፈ ሳቀ። ጨው ተራ ላልሰማው የበርበሬ ተራ ነገረው። እኔ ግን ኑሬን ነበር የማየው፤ እሱ አልሳቀም። አንድ የመጨረሻ ዕድል ሊሰጠኝ አስቦ ይመስለኛል፣ «ሰኢድ፣ እስቲ ሰንዝርበት» አለው። «በል ወንድሜ፣ መክት።»

ሰኢድ ዱላውን አነሳ። እጄን አላነሳሁም፣ አልሸሸሁም፣ ምንም አላደረግኩም። ዱላው ወደ ራሴ ሲመጣ ዓይኔ ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይኼማ እርጥብ ነው» አልኩ።

ከዚያ አረፈብኝ። እርጥብ እንጨት ቁጣ ያመጣል ያሉት እውነት ነው፤ ተለምጦ ትከሻዬንም ጀርባዬንም ባንድ ምት አዳረሰው።

ሰኢድ የሳምንቱን ቃል ያን ጊዜ አወጣት። «ይቅርታ» አለኝ። ከምቱ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

ኑሬ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የበቅሎዎቹን እግር አሳርፈን ማክሰኞ እንወርዳለን» አለ፤ እንወርዳለን ያለው ለሰኢድ ነበር። በቅሎዎቹን ይዘው ሲሄዱ አንገቴን ደፍቼ የወይራውን ስባሪ እለካ ነበር። ልኩ ልክ ነው።

ወደ አባ ሰብስብ የወጣሁት ልጣላ ነው። ቆመው ተቀበሉኝ፤ ወሬው በእትዬ አስካለ እግር ቀድሞኛል።

«አታለሉኝ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ምን ብዬህ ነበር? እንጨት መስበር አስተምርሃለሁ አላልኩም?»

«ብለውኛል።»

«አላስተማርኩህም?»

ነጋዴ ነኝ፤ ውል ሲጠብቅ አውቃለሁ። «አስተምረውኛል።»

«ምክቶሹን እንጨቱ ሲያልቅ ብዬሃለሁ። አልቋል?»

ወደ ጫካው ዞር ብዬ ለማየትም አፈርኩ። ማሩን ሳስብ፣ ባናውን ሳስብ፣ እሳቸው ያንኑ ባናዬን ደርበው ፊቴ ቆመዋል። እንደ መሳቀቅ አላቸው።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሁሉ ዱላ ይዤ ኖሬአለሁ። አንድ ነገር የገባኝ ግን እጄ ሲደክም ነው፤ እሱን በነፃ ልስጥህ። ሰው ዱላ ይዞ ሲመጣብህ መጀመሪያ ምን ጠፋህ ብለህ ጠይቀው። አብዛኛው ሰው አንድ ነገር የጠፋበት ነው።»

«ያልጠፋበትስ ቢሆን?»

«ያን ጊዜ እስኪመልስልህ ድረስ ቀድመኸዋል፤ ሩጥ።»

ይህን ይዤ ወረድኩ። ምን ይረባኛል፣ የምወርድበት መንገድ የለኝም። ሰኞ ማታ ግን ኑሬ ከባልቴቲቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። መወርወሪያው እንደሌለ አይቶ ነገሩ የገባው ይመስላል፣ አልጠየቀም።

«ሲራራው እንጨት ሰባሪ የለውም» አለኝ ሌላ ቦታ እያየ። «ትናንት ማታ ሰኢድን ልከነው እርጥብ ለቅሞ በጭስ ፈጀን። ቆላ ላይ ደግሞ እሳት ከሌለ ጅቡም አንበሳውም እንግዳ ይሆናል።»

«ከኋላህ የምቆመው እኔ ነኝ?»

«ከኋላዬ ሰኢድ ነው። አንተ ከእሳቱ አጠገብ።»

አፈርኩ። ነጋዴ ሆኜ፣ ባለ በቅሎ ሆኜ፣ በሲራራው ጭራ እንጨት ተሸካሚ። እሺ ያልኩት ግን ፈጥኜ ነው፤ ሐሳቡን እንዳይለውጥ።

ወረድን። በየሰፈርንበት ሰው ጭነት ሲያራግፍ እኔ ገመዴን ይዤ ወደ ዱሩ እገባለሁ። መቼም ያ ሁሉ ትምህርት ከንቱ አልቀረም፤ የኔ እሳት አይጨስም፣ እንጨቱም እኩል ነው። ነጋዴዎቹ «ሰባሪው» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፣ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ሲበርዳቸው በአክብሮት።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሸክሜን አስሬ፣ ጀርባዬ ላይ አድርጌ፣ ደረቴ ላይ ቋጥሬ ተነሳሁ። ከግራሮቹ መሐል ዱላ የያዘ ረጅም ሰውዬ ወጣ። ወደኔ ይመጣል፣ ይፈጥናል።

እግሬ እኔን አላማከረም፤ ሩጫውን ጀመረ። ግን አልሄድኩም። ብገፋ አልሄድኩም፣ ብታገል አልሄድኩም። የሸክሜ ገመድ ከኋላዬ በግራሩ እሾህ ተይዟል፤ ቋጠሮው ደግሞ የኔ ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም። በቆምኩበት አሸዋውን በተረከዜ እየቆፈርኩ ሰውዬው ፊቴ ደረሰ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ፣

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

ቆመ። ዱላውን አወረደ። «ግመል» አለኝ። «ነጭ ግመል። አላየህም?»

አላየሁም አልኩት። ትንፋሼን ለመሰብሰብ ስል ጆሮዋ ላይ ምልክት አላት ወይ፣ ማሰሪያዋ ምን ዓይነት ነው፣ በየት በኩል አጣሃት እያልኩ ጠየቅኩት። ሰውዬው አንድ በአንድ መለሰልኝ። በዚህ መሐል ኑሬና ሰኢድ ከሲራራው ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ዱላቸውን አንስተው እየሮጡ መጡ። ያገኙት እኔን ነው፤ ዱላ ከያዘ ሰው ፊት ለፊት ቆሜ፣ ሸክም በጀርባዬ፣ ስለ ግመል ጆሮ የምጠይቅ።

ባለ ግመሉ አመስግኖ ሄደ። ሰዎቹ እኔን እያዩ ቀሩ። ሰኢድ እንኳ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ኑሬ ቀስ ብሎ ዞረኝ። ወደ ኋላዬ ሄደ። እሾሁን ያያል፣ ገመዱን ያያል፣ በተረከዜ የቆፈርኩትን ጉድጓድ ያያል። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ይስቃል፣ አሁን ሲራራው ሁሉ ይስቃል፣ አሁን አሊዩ አምባ ድረስ ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ።

«አየህ ሰኢድ?» አለ ኑሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው።»

ጣቶቹ ግን ከጀርባዬ ገመዱን ከእሾሁ ያላቅቁ ነበር። ሲለቀኝ ወደ ፊት ልወድቅ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዞ አቆመኝና አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ቀስ» አለኝ፤ «አሁን ብትሮጥ ያዩሃል።»